ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ያለችው ሴትዮ

ሰኞ፣ ማታ

ትምህርት ቤት ተጠርቼ ሄድኩ። መምህርቷ የክፍሉ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ፤ ቁጭ በይ እንኳን አላለችኝም። በዕድሜ ታናሼ ናት፤ ግን "አንቺ" ነው ያለችኝ።

"ልጅሽ በትምህርት መሃል 'እሺ፣ እሺ፣ ዝም እላለሁ' ማለት ጀመረች። ማንም አላናገራትም ነበር። ልጆቹ ሲስቁባት ጆሮዋን ይዛ ዴስኩ ሥር ገባች።"

ይሄ ሳያንስ "ቤት ውስጥ ችግር አለ ወይ?" ብላ ጠየቀችኝ። ስለ እኔ ቤት እሷን ምን አገባት? "ምንም ችግር የለም!" አልኳት። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር መሰለኝ፣ ኮሪደሩ ላይ አንድ ሁለት በር ተከፈተ።

ድንቡሼን ይዤ ወጣሁ። ድንቡሼ ያልናት ስትወለድ ክብ ስለነበረች ነው። አሁን ስምንት ዓመቷ ነው፤ ክንዷ እርሳስ አክሏል፤ ስሙ ግን አልለቀቃትም።

መንገድ ላይ "ማንን ነው እሺ ያልሽው?" አልኳት።

"ሴትዮዋን።"

"የቷን ሴትዮ?"

"ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ያለችውን። ዛሬ ትምህርት ቤት ድረስ መጣች።"

"ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ያለው ግድግዳ ነው።"

"አውቃለሁ" አለችኝ። ያስፈራኝ ይሄ ነው። ማወቋ ነው።

ማክሰኞ

ከሥራ እንደገባሁ ቁም ሣጥኑን ጎትቼ አወጣሁት። አቧራ፣ አንድ ካልሲ፣ የደረቀ በረሮ። "ይኸው! የታለች? አሳዪኝ!" አልኳት። ድንቡሼ የአልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ እግሯን አጣጥፋ አየችኝ።

"ስትጎትቺው ዝም አለች። አሁን ደግሞ መስኮቱ ጋ ናት።"

"ደግሞ ጀመርሽ?" አልኳት። ወገቤን ይዞኝ መቆም አቅቶኝ ነበር እኮ።

የባሌ ታላቅ እህት በሩን ተደግፋ ታያለች። ባሌ የጭነት መኪና ይዞ ረጅም መንገድ መሥራት ከጀመረ ወዲህ "ልጅቷን ትያዝልሽ" ብሎ ያመጣት እሷ ናት። ፊት ለፊት "እትዬ" እላታለሁ፣ "እርስዎ" እላታለሁ። እዚህ ደብተሬ ላይ ግን ሁሉአወቅሽ ናት። የማታውቀው ነገር የለማ! "እንዲህ እያንጓጓሽ ጤነኛም ሰው ይደነግጣል" አለች። ማንም አልጠየቃትም።

ቁም ሣጥኑን ብቻዬን መለስኩት። የእርዳታ እጅ አልዘረጋችም፤ ብትዘረጋም አልቀበላትም።

ረቡዕ፣ ምሳ ሰዓት

ሥራ ላይ። የምሠራው ሰው ሠራሽ ጥርስ ነው፤ ዛሬ የላይኛውን ለታችኛው ገጠምኩ። ደግሜ ልሠራው ነው። ሐኪሙ ገና አላየም።

ሐሙስ፣ ማታ

ጆሮዋን አሳየሁ። ጭንቅላቷንም አሳየሁ። ምንም የለባትም ተባለ። ከዚያ የሕፃናት አእምሮ ጤና ባለሙያ ወዳሉት መሩን። ሸሚዙ ያልተተኮሰ ልጅ እግር ነው። ክፍሉ ውስጥ ሦስት ወንበርና አንድ ምንጣፍ ብቻ ነው ያለው። ሐኪም ቤት ምንጣፍ!

እኔን ትቶ እሷን ጠየቃት። "ሴትዮዋ ምን ትልሻለች?"

ድንቡሼ አየችኝ። ከዚያ መሬት መሬቱን እያየች "'ደግሞ ጀመርሽ' ትለኛለች። 'አንቺን ብሎ ልጅ' ትለኛለች" አለች።

እንዲህ ያለ ቃል ከየት እንዳመጣች እንጃ። ከትምህርት ቤት ይሆናል፤ የዘንድሮ ልጆች አፋቸው አይጣል ነው።

ልጁ ምንም አልደነገጠም። "አትከራከሪያት። አታባርሪያት። ከሩቅ ሱቅ የሚሰማ ሬዲዮ ነው በያት። ሬዲዮው ይጩህ፤ አንቺ ግን አሁን የት ነሽ? እግርሽ ምን ረግጧል? እጅሽ ምን ነክቷል? ምን ይሸትሻል? አንድ በአንድ ንገሪኝ" አላት። አብረው ምንጣፉ ላይ ተቀምጠው ስለ ምንጣፍ ጸጉር ሲያወሩ እኔ ቦርሳዬን ታቅፌ ቁጭ አልኩ።

ወደ እኔ ዞሮ "እርስዎም አብረዋት ይሠሩታል። በየቀኑ፣ ጥቂት ጥቂት። መጀመሪያ ቀስ ብለው ይተንፍሱ" አለኝ።

"እኔ ምንም አይሰማኝም" አልኩት።

"አዎ፣ ግን እሷ እርስዎን ትሰማለች።"

ምን ለማለት ነው? ልጄን የሌለ ሰው ይሰድባታል፤ እሱ ተንፍሺ ይለኛል። እስካሁን ሳልተነፍስ ነው የኖርኩት? አቶ እስትንፋስ ብዬዋለሁ። "ብዙ ልጆች ላይ ይመጣል፣ ብዙዎቹንም ይለቃቸዋል። ግን ራስሽን ጉጂ፣ ወይ ሂጂ ካለቻት ሳይውል ሳያድር ይምጡ" ብሎ ሸኘን።

ቅዳሜ

ሞከርኩ። ማንም ሞክሪ ብሎ እንዳይነዘንዘኝ።

"አሁን ምን ታያለሽ?" አልኳት።

"ወንበር። መጋረጃ። አንቺን።"

"ሌላስ?"

"ተቆጥተሻል።"

"አልተቆጣሁም! ጥያቄውን መልሺ!"

"መጋረጃ" አለች። ሁሉአወቅሽ ከወጥ ቤት "ፖሊስ ጣቢያ መሰለሽ እንዴ?" አለች። የመጥበሻውን ክዳን ወረወርኩት። ወደ እሷ አይደለም፤ ወደ ማጠቢያው ነው።

እሑድ

ባሌ ደወለ። "ትንሽ ልጅ ናት፣ ይተዋታል፣ አታካብጂው" አለኝ። አታካብጂው! እሱ መሪ ጨብጦ እየዘፈነ ይነዳል፤ እኔ ሥራ፣ እኔ ትምህርት ቤት፣ እኔ ሐኪም ቤት። የያዝኩትን ሁሉ አራገፍኩበት። ጎረቤት ግድግዳውን እስኪመታ ድረስ።

ስልኩን ስዘጋ ድንቡሼ የለችም። መታጠቢያ ቤት ውስጥ ፎጣ ጭንቅላቷ ላይ ጠቅልላ፣ ቧንቧውን ከፍታ ቁጭ ብላለች። "ጮኸችብኝ" አለችኝ። እንግዲህ እንዲህ ነው፣ ያለ ምንም ምክንያት ይነሳባታል።

ማክሰኞ

መምህርቷ እስኪሻላት ቤት ትዋል አለች። ለሌሎቹ ልጆች ብላ ነው አሉ። የሌሎቹን ልጆች እናቶች በሩ ላይ አየኋቸው፤ ተቃቅፈው ሲያወሩ እኛን ሲያዩ ጸጥ አሉ። አንዷ ልጇን ወደ ቀሚሷ ሳብ አደረገች። ልጄ የምትተላለፍ ይመስል።

ሁሉአወቅሽ ነገ የራሷ ሐኪም ቀጠሮ አላት። ድንቡሼን ሥራ ቦታ ይዣት ልሄድ ነው።

ረቡዕ

የምሠራው የጥርስ ሐኪሙ ክሊኒክ ምድር ቤት ነው። እሱ ላይ ይነቅላል፣ እኔ ታች እተካለሁ። ጀሶ፣ ሰም፣ መሞረጃ ሞተር፣ መስኮት የለም። ድንቡሼን ጥግ ላይ ወረቀትና ቀለም ሰጥቼ አስቀመጥኳት፤ ረፋዱን እንደ ጨዋ ልጅ ዋለች።

ከዚያ ሐኪሙ ያለፈው ረቡዕ አበላሽቼ ደግሜ የሠራሁትን ጥርስ ይዞ ወረደ። በሽተኛው አፍ ውስጥ አልገጠም ብሏል። ጮኸብኝ። እኔም ዝም አላልኩም፤ "ልኩን የወሰዱት እርስዎ ነዎት!" አልኩት፤ ልኩ ልክ እንደነበር እያወቅኩ። በሩን ደርግሞ ወጣ። ስዞር ድንቡሼ ጠረጴዛው ሥር ናት፤ ጉልበቷን አቅፋ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ትንቀጠቀጣለች።

"ነይ ተነሺ" አልኳት። ባሰባት። በእጄ በላስቲኩ ሳህን የበጠበጥኩት ጀሶ ነበር። ሊደርቅብኝ ነው ብዬ ተናደድኩና፣ የማደርገውን ሳላውቅ ጎንበስ ብዬ እፍኝ ሙሉ መዳፏ ላይ ጣልኩላት። 

"ያዢልኝ" አልኳት። "እንዳይወድቅ።"

ጨመቀችው። ዓይኗን ገለጠች።

"ይቀዘቅዛል" አለች። ቆይታ "አሁን ለስልሷል... አይ፣ ጠጠር እያለ ነው።" ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። "እማዬ፣ እየሞቀ ነው! ማንም ሳያሞቀው!"

ጀሶ ሲደርቅ ይሞቃል። ሥራዬን ከጀመርኩ ጀምሮ በየቀኑ በእጄ ሲሞቅ አንድ ቀን ልብ ብዬው አላውቅም። እኔም ትንሽ ያዝኩ። ጠረጴዛው ሥር ገብቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ። እስኪደርቅ ድረስ ሁለታችንም ጨብጠን ጠበቅን።

"ሴትዮዋስ?" አልኳት በመጨረሻ።

"አለች። ግን ጀሶውን እየጠበቅኩ ስለነበር ያለችውን አልሰማሁም።"

ለአቶ እስትንፋስ አልነግረውም። ደስ እንዲለው አልፈልግም።

ስንወጣ ሐኪሙ ደረጃው ላይ "ይሄ የልጅ መዋያ አይደለም፣ ሁለተኛ ይዘሻት እንዳትመጪ" አለ። ጣቱን ቀስሮ። የቀሰረውን ጣት ልነክሰው ምንም አልቀረኝ።

ዓርብ

ሁለት ቀን ከሁሉአወቅሽ ጋር ዋለች። ዛሬ ስገባ ሁሉአወቅሽ ሽንኩርት እየከተፈች ትጠብቀኛለች። "ተቀመጪ" አለችኝ፣ በገዛ ቤቴ።

"ልጅቷን የሴትዮዋ ድምፅ ምን ይመስላል ብዬ ጠየቅኳት። አንቺ ጠይቀሻት ታውቂያለሽ?"

"ምን ሊያደርግልኝ?"

"የእማዬ ነው አለችኝ።"

አልገባኝም። "ምኑ?"

"ድምፁ ነዋ። ድምፁ ያንቺ ነው። እንዳይከፋሽ ብላ ነው ለአንቺ ያልነገረችሽ። ለማንም እንዳልናገር አስምላኝ ነው የነገረችኝ፤ እኔ ግን ይሄን ይዤ መተኛት አልችልም።"

ከዚያ ያልኩትን ሁሉ አላስታውሰውም። ልጄን ልትቀማኝ ነው የመጣሽው ማለቴን አውቃለሁ። ከተጋባን ጀምሮ እርስዎ ስላት ኖሬ ዛሬ አንቺ አልኳት። "ውጪልኝ! ከቤቴ ውጪልኝ! ዓይንሽን ማየት አልፈልግም!" አልኳት። በሩን ራሴ ከፈትኩት። አልተነቃነቀችም። "የወንድሜም ቤት ነው" ብላ ሽንኩርቷን መክተፍ ቀጠለች። ዓይኗ ይፈሳል፤ በሽንኩርቱ ይሁን በእኔ አልታወቀኝም።

ውሸት ነው። ልጅቷን አስጠንታት ነው። የእኔ ድምፅ እንደዚያ አይደለም።

ድንቡሼ መኝታ ቤት ነበረች። ተኝታለች፣ አልሰማችም።

ቅዳሜ

ከገበያ ስመለስ የለችም። ጫማዋ የለም። ቦርሳዋ የለም። ሁሉአወቅሽ ልብስ ስታሰጣ አላየኋትም አለች። ልወጣ ነው

ቅዳሜ፣ ማታ

ተገኝታለች። ተኝታለች። 

ሁሉአወቅሽ ወደ ላይ፣ እኔ ወደ ታች ተከፋፍለን ሮጥን። ባለ ሱቁን ጠየቅኩ፣ ጫማ አዳሹን ጠየቅኩ። "ስታልፍ አይቻታለሁ፤ ከእናቷ ጋር መስሎኝ" አለኝ ጫማ አዳሹ፤ ሰደብኩት። አውቶብስ ማቆሚያው ጋ ስደርስ አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች፤ እግሯ መሬት አይደርስም። የቆመው አውቶብስ በሩ ክፍት ነው።

ቦርሳዋ ውስጥ የሌሊት ልብሷና የጥርስ ብሩሿ ነበሩ።

"ምን አድርጌሽ ነው እንዲህ የምታደርጊኝ?" ብዬ ጀመርኩ። ሁለት ጆሮዋን በእጇ ደፈነች። አፌ ክፍት እንደሆነ ቀረ። ከዚያ ዘጋሁት። አጠገቧ ተቀመጥኩ። አውቶብሱ ሄደ፤ ሌላ መጣ፤ እሱም ሄደ።

እጇን ከጆሮዋ ስታወርድ "ወዴት ልትሄጂ ነበር?" አልኳት፤ ቀስ ብዬ።

"አላውቅም። ውጪልኝ አለችኝ።"

"ሴትዮዋ?"

በጣቷ የቦርሳዋን ማንጠልጠያ ትጠቀልላለች። "አክስቴን እርስዎ ነው የምትያት" አለች። "'ይውጡ' ነው የሚባለው። 'ውጪ' የሚባለው እኔ ነኝ። ግን አንቺ ትሁኚ እሷ ትሁን አላወቅኩም። አልጋው ውስጥ ሆኜ ሳስበው አደርኩ፤ አላወቅኩም።"

ምን ልበላት? እኔ አይደለሁም እንዳልል እኔ ነኝ። እኔ ነኝ እንዳልል እሷን አላልኳትም።

"ትናንት የጮህኩት እኔ ነኝ" አልኳት። "ግን ለአክስትሽ ነው። ተናድጄ አንቺ አልኳት። አንቺን ውጪ ብዬሽ አላውቅም፤ አልልሽምም።"

"ሌላ ጊዜስ? ደግሞ ጀመርሽ ስትዪኝ?"

"እሱን እኔም እልሻለሁ።"

"እሷም ትላለች።"

"አሁንም አለች?"

በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። ያ ልጅ ምንጣፍ ላይ ሲያደርግ ያየሁት ሁሉ ከአእምሮዬ ጠፋ። የመጣልኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። "እኔ ዝም ልበል፤ አንቺ አፌን እዪ" አልኳትና ወደ እሷ ዞርኩ።

ቀኑን ሙሉ የሰው አፍ ቅርጽ በእጄ ላይ ሲገላበጥ ይውላል፤ የእኔን ግን እንደዚያ ያየው ሰው የለም። ጠጋ አለች። ትንፋሿ አገጬ ላይ ይሰማኛል። ብርድ ነበር፤ አግዳሚው ብረት ነው፤ ከኋላችን ሰው ቲኬት ቲኬት ይላል። ይሄን ሁሉ ሰማሁ። ሌላ ጊዜ የማልሰማውን።

"አሁን ተናገረች" አለች ድንቡሼ በሹክሹክታ። "አፍሽ ግን ዝግ ነው።"

ከንፈሬን እንደገጠምኩ ጠበቅኩ።

"አሁንም። አሁንም ዝግ ነው።" ከንፈሬን በጣቷ ነካችው። "አንቺ አይደለሽም።"

ቀና ስል ሁሉአወቅሽ መንገዱን ተሻግራ ቆማለች። አንድ እግሯ ላይ ነጠላ ጫማ፣ አንዱ ላይ የእኔ ጫማ። አንድ ቃል ብትተነፍስ ኖሮ አልለቃትም ነበር። አልተነፈሰችም። ቦርሳውን አንስታ ከፊታችን ሄደች።

ሰኞ

አቶ እስትንፋስ ጋ ሄድን። "ሂጂ ብላታለች" አልኩት። ድምፁ የማን እንደሆነም ነገርኩት፤ ሌላ ሰው ከሚነግረው ብዬ። ድንቡሼ ውጪ ኮሪደሩ ላይ ከአክስቷ ጋር ነበረች።

ብዙ ጠየቀኝ። ራሷን ልትጎዳ አስባ ታውቅ እንደሆነ እሷንም ለብቻዋ ጠየቃት። አላሰበችም። ከዚህ በኋላ በሳምንት ሁለቴ እንመጣለን፤ ሌላ ሐኪምም ያያታል።

"እንግዲህ ጥፋቱ የእኔ ነው በለኛ" አልኩት።

"አላልኩም። ፍርሃት የራሱ ድምፅ የለውም፤ ቅርቡ ያለውን ይዋሳል። ልጅ ደግሞ ከእናቱ የቀረበ ማን አለው?"

"ጥፋቱ የአንቺ ነው ብትለኝ ይሻለኝ ነበር።"

"ያኔ ከእኔ ጋር ይጣላሉ" አለና ፈገግ አለ። "አሁን የሚጣሉት ሰው የለም።"

ይሄን ልጅ አልወደውም። ስለ ጀሶው ግን ነገርኩት። ስለ አፌም ነገርኩት። አልተደሰተም፤ ዝም ብሎ ጻፈና "እርስዎስ በዚያ ሰዓት ምን ተሰማዎት?" አለኝ። ብርድ፣ አልኩት። አግዳሚው ብረት ነበር።

ረቡዕ

ጠዋት ጠዋት ሁለታችን በሩ ጋ ቆመን ጫማ እናጠልቃለን። ማሰሪያው እንዴት እንደሚሻክር ትነግረኛለች፤ እኔም የእኔን እነግራታለሁ። ቂል ሥራ ነው። አረፈድኩ።

ማክሰኞ

ሴትዮዋ ዛሬም መጣች። ድንቡሼ "ሬዲዮው ተከፍቷል" ብላ ነግራኝ ዳቦዋን መብላት ቀጠለች። እኔ ነኝ ዳቦዬን መልሼ ያስቀመጥኩት።

ሐሙስ

ትምህርት ቤት ግማሽ ቀን ተመልሳለች። መምህርቷ እጅ ነሳችኝ። እኔ አልነሳሁም።

እሑድ

ሁሉአወቅሽ ሹራቤን በሙቅ ውሃ አጥባ ለአሻንጉሊት እንዲሆን አድርጋ ሰጠችኝ። "ዱሮም ጠቦሽ ነበር" አለችኝ። እኔን! ያ ሁሉ መተንፈስ፣ ያ ሁሉ ማሰሪያ የት እንደገባ እንጃ። ጮህኩ። ብርጭቆዎቹ እስኪንቀጫቀጩ ጮህኩ። እርስዎ ብዬ ነው የጮህኩት፤ እሱን ያዙልኝ።

መሃል ላይ ድንቡሼ ከመኝታ ቤት ወጥታ መጣች። እርሳሷን እንደያዘች ፊቴ ቆመች፣ አንገቷን አቅንታ አፌን አየችው። ቆም ብላ አየችው። እኔም መሃል ላይ ቆምኩ።

"ይሄኛው አንቺ ነሽ" አለች።

"አዎ" አልኳት። "እኔ ነኝ።"

"እኔም እንደዚያው መስሎኝ ነበር" ብላ ወደ ሥዕሏ ተመለሰች።